ፍልሰታ በጄኖቫ፦ ምድጃ ፍለጋ ስለተከራየነው ቤት

(በፍራንክፈርት ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ የተጻፈ።)

እንደምን ዋላችሁ! ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? እሺ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በግድ ተጎትታችሁ የመጣችሁ ልጆቻችንም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው ወር እዚሁ ቦታ ላይ ስለ ጡረታ መዋጮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰምታችኋል። ከጡረታ ቀጥሎ የሚናገር ሰው ዕድለኛ ነው። ምንም ባወራ ይቀላል።

ኮሚቴው የጠየቀኝ ይሄን ነው። «ባለፈው ነሐሴ እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ ጣሊያን ሄደሽ ነበር። ሆቴል ሳትገቢ ቤት ተከራይታችሁ፣ ራሳችሁ እያበሰላችሁ አሥራ ሁለት ቀን ቆያችሁ። እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆቴል ክፍል ውስጥ በውኃ ማፍያ ሽሮ ለመሥራት ሞክሮ የማያውቅ አለ? እጅ አውጡ። አየሁ፣ ሁለት ሰው። ሁለቱም ይዋሻሉ።

ነገሬ ሦስት ነው። አንዱ ስለ በሩ፣ ሁለተኛው ስለ ምድጃው፣ ሦስተኛው ስለ ጎረቤቱ። ዋጋ ላወዳድርላችሁ አልመጣሁም። ዋጋው በየሳምንቱ ይገለባበጣል፤ ለእሱ ስልካችሁ ከእኔ ይሻላል።

ለምን ጄኖቫ? ይሄን ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ሌላው ሰው ቬኒስ ነው የሚሄደው፣ ሮም ነው የሚሄደው። እኔ እማዬን ይዤ ነው የምሄደው። እማዬ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። የፈቃድ ቀኔ ደግሞ የወደቀው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነው። እማዬ ፍልሰታን አውሮፓ ነው ብላ አትተውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። አሁን አስቡት፤ ሆቴል ገብተን ጠዋት በሁለት ሰዓት አይብና ካም ተደርድሮ «ቁርስ በዋጋው ተካቷል» ሲሉን! ምኑ ነው የተካተተልን? ስለዚህ የፈለግኩት አልጋ አልነበረም፤ ምድጃ ነበር። ቤት ስትከራዩ የምትከፍሉት ለምድጃው ነው። አልጋማ የትም አለ።

ጄኖቫን ያገኘኋት እንዲህ ነው። ከሚላኖ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ባሕር አላት። ከጀርባዋ ተራራ አለ፤ ተራራው ገፍቶ ገፍቶ ወደቡ አፍ ላይ አድርሷታል። ሜዳ የሚባል የላትም። የድሮው ከተማ መንገዶች «ካሩጂ» ይባላሉ። አንዳንዱ ካሩጂ ሁለት እጃችሁን ብትዘረጉ ግራና ቀኙን ግድግዳ ትነካላችሁ። ቀና ስትሉ ሰማዩ እንደ መቀነት ነው የሚታየው።

ደግሞ ቤትን ለመንገደኛ መስጠት ለጄኖቫ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1576፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው፣ የከተማዋ ሪፐብሊክ ሴኔት አንድ ድንጋጌ አወጣ። ንጉሥም ይምጣ፣ ካርዲናልም ይምጣ፣ አምባሳደርም ይምጣ፣ የሚያድረው በሀብታሞቹ ቤት ነው። የቤቶቹ ስም ዝርዝር ላይ ሰፈረ። ዝርዝሩ «ሮሊ» ይባላል። ቤቶቹ በደረጃ ተከፍለዋል። እንግዳ ሲመጣ በማዕረጉ ልክ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣበት ባለቤት ወደደም ጠላም በሩን ይከፍታል። ከእነዚያ ቤቶች 42ቱ በ2006 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ያኔ ደረጃ የሚወጣው ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውም ነበር ማለት ነው። እኛ በየትኛው ደረጃ እንደምንመደብ ልጄን ብጠይቀው «ዕጣው ውስጥም አንገባም» አለኝ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

ፒያሳ ፕሪንቺፔ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ወረድን። ታክሲ ያዝን። ታክሲው ካሩጂ ውስጥ አይገባም፤ አፉ ላይ አራግፎን ሄደ። ሦስት ሻንጣ ነው። አንዱ የእማዬ ነው። በውስጡ በርበሬ፣ የደረቀ እንጀራ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ ጧፍና ዳዊት አለ። የሻንጣው ጎማ በዚያ ድንጋይ ላይ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስልኬ ደግሞ መንገዱን ማሳየት አቃተው። ግድግዳው ረጅም፣ ሰማዩ ጠባብ ሲሆን ሳተላይቱም ግራ ይጋባል መሰለኝ።

አድራሻችን 14 ቁጥር ነው። 14 ቁጥርን አገኘን። ፀጉር አስተካካይ ቤት ነው! አንድ ሰውዬ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ሆኖ ተቀምጧል። እኔ ወረቀቱን አሳየሁ። አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጥቶ የበሩን ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረገና «ሮሶ! ሮሶ!» አለኝ። ቀይ ማለቱ ነው። ለካ ጄኖቫ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ቀዩ ለሱቅ ነው፣ ጥቁሩ ለመኖሪያ ቤት። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ለየብቻቸው ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ቀይ 14 አንድ ቦታ ነው፣ ጥቁር 14 ሌላ ቦታ። የእኛ ጥቁር ነበር። አልፈነው መጥተናል። ፍሎረንስም እንደዚሁ ቀይና ጥቁር አላት። አደራ፣ ማታ ደርሳችሁ በቀይ ቁጥር በር ላይ ቆማችሁ አከራዩን እንዳትሳደቡ።

ቀጥሎ ደረጃው። አከራዩ «ሦስተኛ ፎቅ» ብሎ ጽፏል። እነሱ ምድሩን አይቆጥሩም። እዚያ ላይ በድሮዎቹ ቤቶች መሀል ለመሀል ዝቅ ያለ ግማሽ ፎቅ አለ፤ እሱንም አይቆጥሩም። ተደምሮ ዘጠና ስድስት ደረጃ ሆነ። ሊፍት? ምን ሊፍት! እማዬ «እግዚኦ» እያለች ወጣች። አርባ አንዱን እግዚኦታ ጨርሳ ገና ግማሹ ላይ አልደረስንም ነበር። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቁጭ አለችና ደረጃውን በመዳፏ ዳበሰችው። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ ድንጋይ ነው፣ መሀሉ በሰው እግር ብዛት ጎድጉዷል። «ይሄ የትምህርት ቤት ሰሌዳ አይደለም?» አለች። እውነቷን ነው! ከጄኖቫ በስተምሥራቅ ላቫኛ የምትባል ከተማ አለች። ይሄ ድንጋይ ከዚያ አካባቢ ተራሮች ነው የሚወጣው። ጣሊያኖች ዛሬም ድረስ ጥቁር ሰሌዳን «ላቫኛ» ነው የሚሉት። እንግዲህ እማዬ በሰሌዳ ላይ ነው ሽቅብ የወጣችው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ? ፎቁን አይደለም። ደረጃው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። በቁጥር!

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። አከራዩ ፓስፖርታችሁን ይጠይቃል። ስማችሁን በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስተላለፍ አለበት። «ፖሊስ» ሲባል ፊታችሁ ሲለወጥ አየሁ። አትደንግጡ፤ ለሁሉም እንግዳ ነው፣ ለጀርመኑም ነው። ከተማው በሰው በሌሊት የሚሰበስበው ግብርም አለ። ከኪራዩ ውጭ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ ተጭበረበርን ብላችሁ እንዳትጣሉ። ከጥር 2025 ወዲህ ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ የመለያ ቁጥር አውጥቶ በማስታወቂያውም በበሩም ላይ ማሳየት ግዴታው ነው። ቁጥር የሌለው ቤት ካያችሁ እለፉት። እኔ ከዚህኛው ቤት በፊት አንድ ሌላ ቤት አይቼ፣ ፎቶው አማልሎኝ፣ ቁጥር ሳልጠይቅ ቀብድ ልኬ ተበልቻለሁ። ስንት ብር እንደሆነ አልናገርም። ባለቤቴ እዚህ ተቀምጧል።

ሁለተኛው፣ ምድጃው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው ማታ ነው። ሙቀት ነው፤ ልጄ ኤሲውን ለኮሰ። እኔ የመንገዱን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨመርኩ። እማዬ ድንች ኦቨን ውስጥ ከተተች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ድርግም! ቤቱ ጨለመ። ልጄ ፍራንክፈርት ተወልዶ ያደገ ነው፤ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል። እማዬ ግን ምንም አልመሰላትም። «መብራት ሄደ» አለች፣ ሻንጣዋን ከፈተች፣ ጧፏን አበራች፣ ዳዊቷን ቀጠለች። አዲስ አበባ የኖረ ሰው በመብራት መሄድ አይደነግጥም።

በመስኮት ብቅ ብዬ ሳይ የሰው ቤት ሁሉ ቦግ ብሏል። የጠፋው የእኛ ብቻ ነው። አከራዩ ጋ ደወልኩ። ሳቀ። ጣሊያን ውስጥ የብዙ ቤት የመብራት ውል ሦስት ኪሎዋት ነው። ኦቨኑ ብቻውን ሁለቱን ይበላል። ማሽኑ ውኃ ሲያሞቅ ሌላ ሁለት። ኤሲው ተጨመረ። ከልኩ ሲያልፍ ብሬከሩ ይወርዳል። «መልሰው ያንሱት» አለኝ። የት ነው ያለው? ምድር ቤት፣ መግቢያው ጋ፣ ቆጣሪው ያለበት ሳጥን ውስጥ። ዘጠና ስድስት ደረጃ ወርዶ፣ ዘጠና ስድስት መውጣት! ልጄን ላክሁት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ወረደ። ከዚያ በኋላ ኦቨን ሲበራ ማሽኑን የሚያጠፋው እሱ ራሱ ሆነ። እኔ በስንት ዓመት ንትርክ ያላስተማርኩትን ቆጣሪው በሦስት ቀን አስተማረልኝ። ቤት ስትረከቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት የዋይፋይ ቁጥር አይደለም። ቆጣሪው የት ነው? በሉ።

ገበያ ወጣን። መርካቶ ኦሪየንታሌ ይባላል። አዎ፣ መርካቶ! ቃሉ የእነሱው ነው። በ1899 የተከፈተ፣ ጣራው ከፍ ያለ የአትክልት ገበያ ነው። እማዬ እንደ ለመደችው ቲማቲሙን ጫን ጫን አደረገች። ሻጯ «ሲኞራ! ሲኞራ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። እዚያ አገር ገበያ ላይ ገዢ አይነካም፤ ጠቁማችሁ ሻጩ ነው የሚያነሣላችሁ። ሱፐርማርኬት ከሆነ ደግሞ የላስቲክ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ራሳችሁ መዝናችሁ፣ ዋጋውን ትለጥፋላችሁ። እማዬ ተቆጣች። «ሳልነካው ምኑን ገዛሁት?» አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን እዚያችው ሴትዮ ጋ ተመለሰች። በጣቷ ጠቆመች። ሴትዮዋ አንድ ቲማቲም አነሣች። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አነሣች። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ እሺ ማለቷ ነው። እንዲህ ሲግባቡ እኔ አስተርጓሚዋ ሥራ ፈትቼ ቆምኩ።

እዚያው በሶብላ አየች። በሶብላ ነው፣ ግን ቅጠሉ ትንንሽ፣ ለጋ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ እንደ አበባ የታሰረ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ፕራ የሚባል ሰፈር አለ፤ የጄኖቫ በሶብላ ዝናው ከዚያ ነው። እማዬ አሸተተችና ፈገግ አለች። «ምን ያደርጉበታል?» አለችኝ። «ጥሬውን ወቅጠው በፓስታ ይበሉታል» አልኳት። «በሶብላን? ጥሬውን?» በእሷ ቤት በሶብላ ቂቤ ሲነጠር ነው፣ በርበሬ ሲደለዝ ነው። ጥሬውን በሳህን ሙሉ የሚበላ ሕዝብ አይታ አታውቅም።

የተከራየነው ኩሽና ውስጥ የእብነ በረድ ሙቀጫ ነበር። ዘነዘናው እንጨት ነው። ፔስቶ የሚባለው ስልስ በደንቡ የሚወቀጠው በዚያ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅ ጨው፣ በሶብላ፣ የጥድ ፍሬ፣ የወይራ ዘይትና ሁለት ዓይነት አይብ ይገባበታል። አይቡ ለጾም አይሆንም፤ ተወችው። በምትኩ አንድ ቃሪያ ጣለችበት። ጄኖቫ ውስጥ ይሄን ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉን እንጃ! ግን አወቃቀጧን ብታዩ። እጇ አይቸኩልም። ዘነዘናውን አታነሣም፤ በግድግዳው እያሸች ታዞረዋለች። ሽታው በመስኮት ወጣ። እማዬ አዲስ አገር ገባሁ ያለችው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ታዝንልኝ ነበር እንጂ አገሩን አላየችውም።

አንድ ምክር ለጾመኞች። ፎካቻ የሚሉት ዳቦ በወይራ ዘይት የሚሠራ ነው፤ ይሆናችኋል። ግን ጣሊያን ውስጥ የአሳማ ስብ የሚጨምር ጋጋሪም አለ። «ስትሩቶ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሬኮ በምትባለው ከተማ ስም የሚጠራው ፎካቻ ደግሞ ውስጡ አይብ ነው።

አሁን ትልቁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሱቆቹ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋሉ። ብዙዎቹ የሚከፍቱት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። እማዬ የምትገድፈው ዘጠኝ ላይ ነው። ታዩታላችሁ? ከተማው በሙሉ ተኝቶ እማዬ ብቻ ይርባታል። ይሄን በሁለተኛው ቀን ለምጄው ጠዋት ጠዋት መግዛት ጀመርኩ። ግን ነሐሴ 15ን ረሳሁ። በእነሱ ነሐሴ 15። ፌራጎስቶ ይሉታል። ከአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የመጣ በዓል ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የእመቤታችን ዕርገት ነው። አገር ምድሩ ይዘጋል። በዚያ ቀን እኛ ሰፈር ዳቦ የለም፣ ሱቅ የለም። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ የለም።

እማዬ ምክንያቱን ስነግራት መጀመሪያ ደስ አላት። በየካሩጂው ማዕዘን ላይ ከፍ ብሎ የእመቤታችን ምስል አለ፣ በትንሽ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዱ በመብራት። በ1637 ሪፐብሊኩ ማርያምን የጄኖቫ ንግሥት ብሎ በአዋጅ አንግሧታል። እማዬ እነዚያ ማዕዘኖች ላይ ሳትሳለም አታልፍም፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ሠላሳ ይፈጅብናል። ወዲያው ግን ቆጠረች። በእኛ ገና ነሐሴ 9 ነው። «እነሱ ፈሰኩ፣ እኛ ሰባት ቀን ይቀረናል» አለችና ወደ ኩሽናው ገባች።

ምን አለን? እንጀራው አልቋል። ሽሮው አልቋል። ሁለት ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ የትናንት ፎካቻ። እና ግማሽ ኪሎ የሽምብራ ዱቄት። ጄኖቫዎች ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከዘይትና ከጨው «ፋሪናታ» የሚሉት ቂጣ ይጋግራሉ፣ በሰፊ የመዳብ ትሪ፣ በእንጨት እሳት። ልጄ ወዶት ቤት ልሞክረው ብሎ ነበር ዱቄቱን ያስገዛኝ። እማዬ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችው። «ጥሬ ነው፣ አልተቆላም» አለች። መጥበሻውን ያለ ዘይት ጣደች። ዱቄቱን በእንጨት ማማሰያ እያገላበጠች አመሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ቀለሙ እስኪዞር። መጀመሪያ የጥሬ አተር ሽታ ነበረው። ከዚያ ድንገት ሽታው ተለወጠ። ልጄ ከክፍሉ ወጥቶ «እናታችን ቤት ሸተተኝ» አለ። እሷን «እናታችን» ነው የሚላት። በርበሬውን አቁላልታ፣ ያንን ዱቄት በትና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በፎካቻ በላን። ሽሮ ነው ብዬ አልምልም፤ ቅመሙ ይጎድለዋል። ግን ሳህኑን ጠርገነዋል።

ሦስተኛው፣ ጎረቤቱ።

እዚያ ልብስ የሚሰጣው በመስኮት ነው። ከመስኮቱ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ጫፉ ላይ ጎማ አለው፣ እየሳባችሁ ታሰጣላችሁ። እማዬ ነጠላዋን አጥባ፣ ሳትጨምቅ፣ ውኃው እየወረደ አሰጣችው። ነጠላ እንዳይጨማደድ ብላ ነው። ከታች ያለችው ጎረቤት አንሶላ አስጥታለች። በሩ ተንኳኳ።

ሰማንያ የሚሆናት ሴትዮ ናት። እርጥብ አንሶላ በክንዷ ይዛለች። በእኔ ደካማ ጣሊያንኛ የገባኝ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ይጨመቃል፤ ቀጥሎ ወደ ታች ይታያል፤ ሰው ካሰጣ ይጠበቃል። እኔ ይቅርታ ይቅርታ እላለሁ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ አንሶላውን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበለች። ወንበር ሳበችላት። ጀበናው ተጥዶ ነበር። ለእማዬ ፍልሰታም ቢሆን ማታ ቡና አለ።

ሴትዮዋ ጀበናውን አየች። ምድጃው አጠገብ የቆመችውን የቤቱን ሞካ፣ የጣሊያኖቹን ቡና ማፍያ፣ አየች። እማዬ ሞካዋን ገና የመጀመሪያው ቀን «ይቺ ጀበና ናት?» ብላ ገሸሽ አድርጋታለች። አቦሉን ጠጣች። ስኳር ጨመረች። ቶና ላይ ስትደርስ ማውራት ጀመረች። እማዬ በአማርኛ «እህ» ትላለች፤ ሴትዮዋ ይገባታል ወይም የገባት ይመስላታል።

ያለችውን ልንገራችሁ። በዚያ ደረጃ ላይ ዘጠኝ ቤት አለ። እሷ ሙሽራ ሆና ስትገባ ዘጠኙንም በስም ታውቃቸው ነበር። አሁን አራቱ ለእንግዳ የሚከራዩ ናቸው። «የታችኛውን በር ስንት ሰው ቁልፍ እንዳለው አላውቅም» አለች። ማታ ሻንጣ ሲጎተት ትሰማለች፤ ማን እንደሆነ አታውቅም። ጠዋት ሌላ ሰው ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? እኛ ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት ፍለጋ ስንት ዓመት ተንከራተናል? ስንቶቻችን ነን አንድ ክፍል ውስጥ ልጆች ያሳደግነው? እዚያ ሄደን ደግሞ እኛው ነን ባለ ሻንጣዎቹ። እኔ ለሴትዮዋ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የማውቀው፣ ቤት ተከራይቶ መግባት ሆቴል እንደመግባት አለመሆኑን ነው። ሆቴል ውስጥ ጫጫታ ብታሰሙ እንግዳ ተቀባዩ ይደውላል። እዚህ ግን የሰው ኑሮ መሀል ነው የምትገቡት፤ ቆሻሻውን እንኳ በትክክለኛው ሣጥን ለይቶ መጣል የእናንተ ግዴታ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ የታችኛውን በር ጠቅ እስኪል እየዘጋን፣ ሻንጣውን ተሸክመን ነበር የምንወጣው። ዘጠና ስድስት ደረጃ! ልጄ እስካሁን ትከሻዬን ያመኛል ይላል።

ጊዜው ገፍቷል፤ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ስለ ወደቡ ሁለት ነገር ብዬ ልውረድ። ስለ መብራት ማማው አልናገርም። ላንተርና ይባላል፣ ከ1543 ጀምሮ የቆመ ነው፣ 77 ሜትር ነው፣ ከየትም ይታያል፤ ሳትፈልጉም ታዩታላችሁ።

አንደኛ፣ ወደቡ ፊት ለፊት ካሪካሜንቶ የሚባል አደባባይ አለ። እዚያ አንድ ሐውልት ቆሟል። ሩባቲኖ ነው። ስሙን የምታውቁት አላችሁ። በ1869 የአሰብን መሬት ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛው የዚህ ሰውዬ የመርከብ ኩባንያ ነው፣ ቀድሞ ሚሲዮናዊ በነበረው በጁሴፔ ሳፔቶ በኩል። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ይሄን ሁሉ ለእማዬ በዚያ ፀሐይ ቆሜ አስረዳኋት። ሐውልቱን ሽቅብ አየችው። «ማን አቆመለት?» አለች። «የራሱ አገር ሰዎች» አልኳት። «እንዲያ ነው። በይ እንሂድ፣ ፀሐዩ በረታ» አለች።

ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው። ሞሎ በሚባለው የወደቡ ሰፈር የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ትንሽ ናት። በ1306 ገደማ ሠላሳ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከጳጳሱ ዘንድ ሲመለሱ ጄኖቫ ላይ ነፋስ ጠብቀው እንደቆዩ፣ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አለቃ የነበረው ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ ስለ አገራቸው ጠይቋቸው እንደጻፈ የሚናገር የቆየ ዘገባ አለ። የእሱ ጽሑፍ ራሱ ጠፍቷል፤ ያለን ሌሎች የጠቀሱት ነው። የታሪክ ሊቃውንት ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ከኢትዮጵያ አይደለም የመጡት የሚልም አለ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን በሩ ላይ ቆመን ለእማዬ ስነግራት የጠየቀችኝን ሊቃውንቱ የጠየቁ አይመስለኝም።

«ማን ቤት አደሩ?» አለች። «ሠላሳ ሰው ነው። ስንት ቀን ነው ነፋስ የሚጠበቀው? ጾም ቢመጣባቸውስ? ማን ሠራላቸው?»

አላውቅም አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ሽምብራማ አላጡም» አለች።

የመጨረሻው ቀን በአራት ሰዓት ጠዋት ቤቱን መልቀቅ ነበረብን። እማዬ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ቤቱን ጠርጋ፣ ሙቀጫውን አጥባ፣ ምድጃውን ወልውላ ጨርሳለች። የጽዳት ከፍለናል እኮ ብላት አልሰማችኝም። የተረፈውን በርበሬ በጠርሙስ አድርጋ ታች ለሴትዮዋ ይዛ ወረደች። ሴትዮዋ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች፣ አስነጠሳት፤ እማዬ «ይማርሽ» አለቻት፤ ሴትዮዋም ሳቀች። ከዚያ ሻንጣችንን ተሸክመን ወጣን። ጠቅ።

እዚህ ላይ ይብቃኝ። ጥያቄ ካላችሁ ቡናው እስኪቀርብ እመልሳለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የለውም፤ ሊፍት የለውም።